የስኳር ድንች ህዋስ፦ ጂኖቹና ጠቃሚ ውህዶቹ

የስኳር ድንች የሚበላው ክፍል ሥሩ ነው። ሥሩ ስታርችና ስኳር ያጠራቅማል፤ ግን እነሱን ብቻ አይደለም። ብርቱካናማው ዝርያ ቤታ ካሮቲን አለው፤ ይህን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ወይን ጠጁ አንቶሲያኒን በሚባል ቀለም የተሞላ ነው። ነጩም ቢሆን ባዶ አይደለም፤ ክሎሮጀኒክ አሲድና ተመሳሳይ ፖሊፊኖሎች (ተክል ራሱን ለመከላከል የሚሠራቸው ውህዶች) አሉት። ቅጠሉማ በእነዚህ ከሥሩም ይበልጣል። ተመራማሪዎች የዚህን ተክል ጂን ሲነኩ ከሚፈልጉት ዋና ነገር አንዱ እነዚህን ውህዶች ማብዛት ነው።

በማዳቀል አይሆንም ወይ? ይሆናል እንጂ፣ ሆኗልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከተቀበሉት አራት ሰዎች ሦስቱ፣ ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው፣ የተሸለሙት በቤታ ካሮቲን የበለጸገ ብርቱካናማ ስኳር ድንች በአፍሪካ በማስፋፋታቸው ነው። ያ ስኳር ድንች የተገኘው በማዳቀልና በመምረጥ ነው። የጂን ምህንድስና ውጤት አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ ከመጀመሪያው ቢለዩ ይሻላል።

ማዳቀሉ ግን ያደክማል። የሰው ክሮሞዞም በጥንድ በጥንድ ነው፤ የስኳር ድንች ግን ስድስት ስድስት ሆኖ በድምሩ 90 ይደርሳል። አብዛኛው ዝርያ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር አይዝም። ሁለት ምርጥ ዝርያዎች ሲዳቀሉም ልጆቹ በመልክም በጣዕምም የተለያዩ ይሆናሉ። ሰው የወደደውን ዝርያ እንዳለ አስቀምጦ አንድ ባሕርይ ብቻ መጨመር ሲፈለግ የጂን ሥራ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ስኳር ድንች ደግሞ የሚባዛው በሐረጉ ቁራጭ ስለሆነ አንዴ የተገኘው ለውጥ እንደ ዘር ተክል በየትውልዱ አይበታተንም።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ እውነት አለ። የሌላ ፍጡር ጂን ወደ ስኳር ድንች ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በቤልጂየም የሚገኘው የጌንት ዩኒቨርሲቲ፣ መቀመጫውን ሊማ ያደረገው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከልና አጋሮቻቸው የጥናት ውጤት ይፋ አደረጉ። 291 የሚለሙ የስኳር ድንች ናሙናዎችን ፈትሸው በሁሉም ውስጥ ከአግሮባክቴሪየም የመጣ ዲኤንኤ አግኝተዋል። አግሮባክቴሪየም የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ የራሱን ዲኤንኤ ቁራጭ ወደ ተክል ህዋስ የማስገባት ችሎታ አለው። በሁሉም ናሙናዎች የተገኘው ቁራጭ በተመረመሩት የቅርብ የዱር ዘመዶች ውስጥ የለም። ጂኖቹም ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም፤ በተክሉ ውስጥ ዛሬም ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ግኝት ከላቦራቶሪ የሚወጣ ሁሉ ደህና ነው ለማለት አያበቃም፤ እያንዳንዱ ለውጥ በራሱ መመርመር አለበት። «የባክቴሪያ ጂን ያለበት ምግብ ከተፈጥሮ ውጭ ነው» የሚለውን ክርክር ግን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ላቦራቶሪው የሚጠቀመውም ይህንኑ ባክቴሪያ ነው። በሽታ የሚያመጡት ጂኖቹ ይወጣሉ፤ በምትካቸው የተፈለገው ጂን ይገባል። ከዚያ የስኳር ድንቹ የቡቃያ ጫፍ ተቆርጦ ሆርሞን መሰል ኬሚካል ባለበት ምግብ ላይ ይቀመጣል። ህዋሶቹ ሥርም ቅጠልም መሆናቸውን ትተው ቅርጽ የሌለው ክምር ይሆናሉ። ይህ ክምር ካለስ ይባላል። ባክቴሪያው ከካለሱ ጋር ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከዚያ በአንቲባዮቲክ ይገደላል። አዲሱን ጂን ያልተቀበሉት ህዋሶች በሌላ መድኃኒት ይወገዳሉ። የተረፉት ሆርሞኑ ሲቀየርላቸው ቀስ በቀስ ሙሉ ተክል ይሆናሉ። ሥራው ወራት ይወስዳል። ትልቁ ራስ ምታት አንዱ ዝርያ እሺ ሲል ሌላው እምቢ ማለቱ ነው።

ሁልጊዜ ግን እስከ ሙሉ ተክል መሄድ አያስፈልግም። ካለሱ ራሱ ብዙ ያስተምራል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቀለሙ ሲለወጥም በዓይን ይታያል። ለእኔ ከዚህ መስክ ምርጡ ሥራ እዚህ ያለው ነው። የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች በስኳር ድንች ህዋሶች ላይ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ሞክረዋል። አንደኛው መውጫውን መዝጋት ነው። ቤታ ካሮቲን በህዋሱ ውስጥ የመጨረሻ ምርት አይደለም፤ አንድ ኢንዛይም (በህዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያካሂድ ፕሮቲን) ተቀብሎ ወደ ሌላ ውህድ ይለውጠዋል። የዚህ ኢንዛይም ጂን እንዲዳከም ሲደረግ ቤታ ካሮቲኑ ተጠራቀመ። ህዋሶቹ ጨውንም የበለጠ መቋቋም ቻሉ። ካሮቲኖይዶች፣ ማለትም ቤታ ካሮቲንና ዘመዶቹ የሆኑ ቀለሞች፣ ህዋስን ከሚጎዱ የኦክስጅን ዓይነቶች ስለሚከላከሉ ነገሩ ይገጥማል፤ ለሰው የሚጠቅመው ውህድ መጀመሪያ የሚጠቅመው ተክሉን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኦሬንጅ የሚባለውን ጂን ማጠንከር ነው። ጂኑ መጀመሪያ የታወቀው በብርቱካናማ አበባ ጎመን ነው። እሱ ራሱ ቀለም አይሠራም። የቀለሙን ሥራ የሚጀምረውን ኢንዛይም ይጠብቃል፤ ቀለሙ የሚከማችበትን የህዋስ ክፍልም ያዘጋጃል። ምርት ሳይጨምሩ ጎተራውን እንደማስፋት ያለ ነው፤ ቦታ ሲገኝ ቀለሙም ይበዛል። በስኳር ድንች ካለስ ላይ ሲሞከር ካሮቲኖይዱ ጨምሯል።

በወይን ጠጁ በኩል ቁልፉ ሌላ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አይቢ ማይብ 1 የተባለ ጂን በሥሩ ውስጥ የአንቶሲያኒንን ምርት እንደሚያዝ አሳዩ። አንድ ጂን ነው፤ ግን ብዙ ጂኖችን አንድ ላይ ያስነሳል። በኋላ በደቡብ ኮሪያ ይህ ጂን ብርቱካናማ ዝርያ ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ቀለሞች አንድ ላይ የያዘ ሥር ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ እዚህ ሁሉ ላይ የሚሠራው የስኳር ድንቹ የራሱ ጂን ነው። ዋናው ሥራ ያለውን ጂን መቼ፣ የትና ምን ያህል እንደሚነሳ መወሰን ነው።

ያልተሳካም አለ። በኬንያ ቫይረስ የሚቋቋም ስኳር ድንች በጂን ምህንድስና ተሠርቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ማሳ ላይ ሲሞከር ግን ከተለመደው አልተሻለም። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጣደፉ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ካለስ ላይ የተሳካ ነገርም አፈር ውስጥ ባለ ሥር ላይ እንዳለ ይደገማል ማለት አይደለም።

አሁን ክሪስፐርም መጥቷል፤ ይህ የተክሉን የራሱን ዲኤንኤ በተመረጠ ቦታ ቆርጦ ለመለወጥ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቻይናውያን ተመራማሪዎች የስኳር ድንችን የስታርች ጂኖች በዚህ መሣሪያ ቀይረዋል። ፈተናው የተለመደው ነው፤ ጂኑ በስድስት ቅጂ ስለሚገኝ ጥቂቱ ብቻ ቢነካ ቀሪው ሥራውን ይቀጥላል።

«ጠቃሚ ውህድ» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ፊንላንድ ውስጥ በ29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ የተካሄደ ጥናት ውጤት ታትሟል። በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ምግብና ክኒን አንድ አይደሉም። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ሲወጣ ጥሬው ሥር ውስጥ ምን ያህል ውህድ አለ ብሎ መለካት አይበቃም፤ በስሎ ወይም ተቀምጦ ሲበላ ምን ያህል እንደሚተርፍም መታየት አለበት። ብርቱካናማ ስኳር ድንች ሲቀቀል አብዛኛው ቤታ ካሮቲን ይተርፋል። ተከትፎ ደርቆ ለወራት ሲቀመጥ ግን ብዙው ይጠፋል።