የወባ መመርመሪያዋ ቀይ መስመር ምንድን ናት?

በወሎ ቆላ፣ ባቲ ወይም ከሚሴ አካባቢ፣ ጤና ኬላ ሄዶ ለወባ ጣቱን የተወጋ ሰው ያቺን ነጭ ፕላስቲክ ያውቃታል። ደም ጠብ ይደረግባታል፣ ፈሳሽ ይጨመርባታል፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ገደማ መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው ቀይዋ መስመር የራሱ ደም ትመስለዋለች። በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ ግን ወርቅ ናት (ሰብስቦ ለመሸጥ የሚያበቃ እንዳይመስላችሁ)።

ወርቅ ወደ 30 ናኖሜትር፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ተከፍሎ 30ው እጅ ያህል፣ ሲደቅ አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። በቅንጣቶቹ ላይ የወባ ተውሳክን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፏል። ፕሮቲኑ ከተገኘ ቅንጣቶቹ ተያይዘው መስመሩ ላይ ይከማቻሉ።

የወባዋ መስመር ደብዛዛ ብትሆንም መስመር ናት፤ ወባ ተገኝቷል ማለት ነው። «ሲ» የተጻፈባት የመቆጣጠሪያ መስመር ካልወጣች ግን ሌላው ቢወጣም ውጤቱ አይቆጠርም፤ በአዲስ ይደገማል። ይበልጥ የሚያደናግረው ሌላ ነው፦ ኤችአርፒ-2 የሚባለው የፋልሲፓረም (ከወባ ተውሳክ ዓይነቶች አንዱ) ፕሮቲን ተውሳኩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ታክሞ የዳነ ሰውም መስመሯ ልትወጣበት ትችላለች። ያኔ በማይክሮስኮፕ ማየት ይሻላል።