አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠጣር የራሱ ቅርጽ አለው፣ ፈሳሽ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል፣ ጋዝ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል። ይህን ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፤ ፈተናም ያልፍበታል። ውሃ ጥዳችሁ "አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" ስትሉት ግን ጉድ ይፈላል።

"አየር ነው።" አብዛኛው የሚመልሰው እንዲህ ነው። ትንሽ ኬሚስትሪ የቀመሱት ደግሞ "ሃይድሮጅንና ኦክስጅን" ይላሉ። ውሃው ሲፈላ የሚፈራርስ ይመስላቸዋል። አረፋው ግን ራሱ ውሃ ነው፤ ጋዝ የሆነ ውሃ። ሞለኪውሎቹ ተራራቁ እንጂ አልተሰባበሩም። ውሃው ገና ለብ ሲል ድስቱ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች በእርግጥም ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው። ስለዚህ "አየር" ያለው ልጅ ጭራሽ አልሳተም፤ የሳተው ሰዓቱን ነው። እኔ "ተሳስተሃል" ከማለቴ በፊት "ታዲያ ውሃው አልቆ ድስቱ እስኪደርቅ ድረስ ይህ ሁሉ አየር ከየት ይመጣል?" ብዬ ብጠይቀው እመርጣለሁ።

"ከማንቆርቆሪያው አፍ የሚወጣው ነጭ ነገር ጋዝ ነው።" የውሃ ጋዝ በዓይን አይታይም። ነጩ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው፣ ማለትም ፈሳሽ። ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ አፉን ልብ ብላችሁ እዩት (እጅ እንዳታስጠጉ፣ ክፉኛ ያቃጥላል)። ነጩ ከመጀመሩ በፊት ባዶ የሚመስል ክፍተት አለ። እንፋሎቱ ያለው እዚያ ነው። ወጣ ብሎ ከቀዝቃዛው አየር ጋር ሲገናኝ ጠብታ ሆኖ ይነጣል። ትንሽ ራቅ ሲል ነጩም ይጠፋል፤ ጠብታዎቹ መልሰው ተነኑ ማለት ነው። ከዚህ የረከሰ ላቦራቶሪ አላውቅም።

"እሳቱ ሲጨመር የሚፈላው ውሃ የበለጠ ይግላል።" ከመፍላቱ በፊት፣ አዎ። አንዴ ከፈላ በኋላ ግን ቴርሞሜትሩ ባለበት ቀጥ ይላል፦ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከዚያ ዝቅ ብሎ። ታዲያ ሙቀቱ የት ገባ? ሞለኪውሎቹን ለማለያየት ዋለ። አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 420 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን ሌላ 2260 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል፤ ከአምስት እጥፍ በላይ። ተማሪዎቹ ራሳቸው በየደቂቃው እያነበቡ ግራፍ ይሳሉ። መስመሩ ጋደም ሲል "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" የሚል አይጠፋም። ሌላ ቴርሞሜትር ስጡት።

"ካልፈላ አይተንም።" ታዲያ የታጠበ ልብስ እንዴት ይደርቃል? ትነት በማንኛውም ሙቀት ከፈሳሹ ገጽ ላይ ይካሄዳል።

"ለመጠጠር ቅዝቃዜ ያስፈልጋል።" ለውሃ ነው እንጂ። የቀለጠ ብረት ጠጣር የሚሆነው 1538 ዲግሪ ላይ ነው።

"በረዶ ሲቀልጥ ሞለኪውሎቹም ይቀልጣሉ፤ ሲሞቁ ያብጣሉ።" ሞለኪውሉ በበረዶም፣ በውሃም፣ በእንፋሎትም ያው ነው። የሚለወጠው እንቅስቃሴውና አቀማመጡ ነው። እዚህ ላይ የመማሪያ ሥዕሎችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ፈሳሹን በጠጣርና በጋዝ መሃል አድርገው፣ ቅንጣቶቹን አራርቀው ይስሉታል። እውነቱ ግን የፈሳሽ ቅንጣቶች ተጠጋግተው ነው ያሉት፤ ከጠጣር የሚለዩት አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት በመቻላቸው ነው። መርፌ የሌላቸው ሁለት ሲሪንጆች አምጡ። አንዱን አየር፣ ሌላውን ውሃ ሙሉት፤ ጫፋቸውን በጣት ደፍናችሁ ግፉ። አየሩ ይጨመቃል። ውሃው ንክች አይልም። ውሃ ከነጭራሹ ከሥዕሉ ተቃራኒ ነው፤ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በጋዝ ቅንጣቶች መካከል ምን እንዳለም ጠይቁ። "አየር" የሚል መልስ ከመጣ አትደነቁ፤ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

"በረዶ ያለበት ብርጭቆ ውጪውን የሚረጥበው ውሃው ሾልኮ ነው።" ውሃውን በቀለም አቅልሙት። ውጪ ያሉት ጠብታዎች ቀለም የላቸውም። ያልተዋጠለት ካለ፣ ብርጭቆውን ክዳን አድርጋችሁ ጥሩ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ሾልኮ ቢሆን ኖሮ ክብደቱ አይለወጥም ነበር። እሱ ግን ይጨምራል፤ ጠብታው ከአየሩ የመጣ ውሃ ነዋ።