ዌስትሚንስተር፦ አሠሪ ያጣ እድሳት

በለንደን ቴምዝ ወንዝ ዳር የቆመው የዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት የብሪታንያ ፓርላማ መቀመጫ ነው። በሕዝብ የሚመረጠው የታችኛው ምክር ቤትም፣ የሎርዶች ምክር ቤትም የሚሰበሰቡት እዚሁ ነው። ከ1,100 በላይ ክፍሎች፣ 100 ያህል ደረጃዎችና ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መተላለፊያ አለው። በ1987 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ማርጀቱን የሚክድ የለም። ከአሥር ዓመት በላይ ያከራከረው እድሳቱን ማን ያዝዝ፣ ማን ይቆጣጠር፣ ሲበላሽስ ማን ይጠየቅ የሚለው ነው። በግንባታ ሰዎች አነጋገር፣ ተቋራጭ ሞልቷል፤ የቸገረው አሠሪ ነው።

ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ራሱ ከቃጠሎ በኋላ የተወለደ ነው። ግምጃ ቤቱ ለዘመናት ሒሳብ ሲመዘግብባቸው የኖሩ ጥርስ ጥርስ የተቆረጠባቸው እንጨቶች ነበሩ። ጊዜ ስላለፈባቸው ጥቅምት 16 ቀን 1834 በሎርዶች ምክር ቤት ሥር ባሉት ምድጃዎች እንዲቃጠሉ ተደረገ። ምድጃዎቹ ከልክ በላይ ነደዱ፤ በዚያው ምሽት ቤተ መንግሥቱ ጋየ። ፓርላማውን ያነደደው አሮጌ የሒሳብ መዝገብ ነው ማለት ነው። ከእሳቱ ከተረፉት ዋናው በ1097 የተሠራው ታላቁ የዌስትሚንስተር አዳራሽ ነበር።

አዲሱን ሕንፃ የነደፈው ቻርልስ ባሪ ሲሆን፣ የውስጡን ጌጥ ያወጣው ኦገስተስ ፑጂን ነው። በስድስት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። ወጪውም ከሦስት እጥፍ ያላነሰ ጨመረ። ባሪ በ1860 ሲሞት ገና ስላላለቀ ልጁ ኤድዋርድ ጨረሰው። ለመጓተቱ አንዱ ምክንያት ዛሬም የሚታወቅ ነው፤ ኮሚቴዎቹ በየጊዜው በንድፉ ይገቡ ነበር። የአየር ዝውውሩን ሥራ ዴቪድ ሪድ ለተባለ ሐኪም ሰጡት፤ እሱና ባሪ ግን መስማማት አቃታቸውና እስከ መካሰስ ደረሱ። ሪድ በ1852 ተሰናበተ። አየር እንዲያስተላልፉ ተብለው በግድግዳው ውስጥ ከታች እስከ ላይ የተዘረጉት ባዶ መተላለፊያዎች ግን ቀሩ። የዛሬዎቹ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እንቅልፍ የሚያጡት በእነሱ ነው፤ ምድር ቤት የተነሳ ጭስና ነበልባል በእነሱ በኩል ጣሪያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

የባለቤትነቱም ነገር ቀላል አይደለም። ሕንፃው እስከ ዛሬ በስም የዘውዱ ቤተ መንግሥት ነው። እስከ 1965 ድረስ የሚያስተዳድረው የንጉሣዊው ቤት ሹም ነበር። በዚያ ዓመት አስተዳደሩ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ተከፈለ። የጥገናው ኃላፊነት ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ፓርላማው የዞረው በ1992 ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ባለቤቶች፣ ሁለት በጀቶች፣ ሁለት ዋና ጸሐፊዎች አሉ፤ የፍሳሽ ቱቦው ግን አንድ ነው።

ስለ ፍሳሽ ካነሳን፣ የችግሩ ልብ ከመሬት በታች ያለው ወለል ነው። የእንፋሎት ቱቦ፣ የጋዝ መስመር፣ የኤሌክትሪክና የስልክ ገመድ፣ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ያልፋሉ። እያንዳንዱ ትውልድ የቀደመውን ሳያነሳ የራሱን ጨምሮበታል። ፍሳሹን ወደ ከተማው መስመር የሚገፋው መሣሪያ በ1888 የተተከለ ነው። ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ የተባለ የግንባታ ቁስ በየቦታው ስላለ ግድግዳ መብሳት እንኳ በፈቃድ ነው። በ2023 የታችኛው ምክር ቤት የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ እንዳስታወቀው፣ ከ2016 ወዲህ 44 የእሳት ክስተቶች ተመዝግበዋል፤ ሕንፃውን እየለጣጠፉ ለማቆየት ብቻም በሳምንት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ይወጣል።

በ2015 የቀረበው ገለልተኛ ጥናት ምርጫውን በቁጥር አስቀምጦት ነበር። እንደራሴዎቹ ሙሉ በሙሉ ከወጡ ሥራው ስድስት ዓመትና 3.5 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል፤ ሳይወጡ እየተሠራ ይቀጥል ከተባለ 32 ዓመትና 5.7 ቢሊዮን ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴም መውጣትን መከረ። የታችኛው ምክር ቤት ጥር 31 ቀን 2018 ድምፅ ሰጠ፤ መውጣትን የደገፉት 236፣ የተቃወሙት 220 ነበሩ። በሚያዝያ 2019 የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ሲቃጠል ብዙዎች ወደ ራሳቸው ጣሪያ ቀና አሉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የእድሳቱ ሕግ ወጣ።

ሕጉ የቁጥጥሩን መዋቅር የቀዳው ከ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ግንባታ ነበር። በላይ አንድ አሠሪ አካል ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ከፓርላማ ውጭ የመጣ ሲሆን አብላጫዎቹ አባላት ግን እንደራሴዎች ነበሩ። በሥሩ ደግሞ መሐንዲስ የሚቀጥር፣ ውል የሚዋዋልና ሥራውን የሚያሠራ የማስፈጸሚያ ድርጅት ተመሠረተ። ዓመታዊ በጀቱን አንድ ኮሚሽን ይመረምራል፤ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ሒሳቡን ይመረምራል፤ ንድፉና አጠቃላይ ወጪው በሁለቱም ምክር ቤቶች ካልጸደቀ ዋናው ሥራ አይጀመርም። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ፖለቲከኛ የሚፈልገውን አንድ ጊዜ ይናገር፣ ከዚያ እጁን ይሰብስብ። ባሪ ይህን ቢያገኝ ምን ያህል ዓመት በተረፈው ነበር!

መዋቅሩ ግን ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ2022 መጀመሪያ አሠሪው አካል አዲስ ግምት ይዞ ቀረበ። በዚህ ስሌት እንደራሴዎቹ ከ12 እስከ 20 ዓመት ከወጡ ወጪው ከ7 እስከ 13 ቢሊዮን ፓውንድ ይሆናል። እዚያው ተቀምጠው ይሠራ ከተባለ ግን ከ46 እስከ 76 ዓመት ይፈጃል፤ ወጪውም ከ11 እስከ 22 ቢሊዮን ይደርሳል። የሁለቱ ምክር ቤቶች የአስተዳደር ኮሚሽኖች ቁጥሩን አልወደዱትም። ቁጥሩን መቀየር ስለማይቻል ቁጥሩን ያመጣውን አካል ለማፍረስ ወሰኑ። በሐምሌ ሁለቱም ምክር ቤቶች አጸደቁት፤ አሠሪው አካል በጥር 2023 ከሰመ።

እርምጃውን የደገፉ ሰዎች ክርክር መናቅ የለበትም። አሠሪው አካል ከሕንፃው ተጠቃሚዎች ርቆ ነበር፤ እንደራሴዎቹ በሺህ ለሚቆጠሩ ሠራተኞች ምን እንደሚመጣ ሳይጠየቁ ሰነድ ብቻ ይደርሳቸዋል የሚል ቅሬታም ነበር። ያም ሆኖ የሒሳብ ተቆጣጣሪው ኮሚቴ አካሄዱን ክፉኛ ነቀፈ፤ ትክክልም ነበር። አሁን የአሠሪነቱን ኃላፊነት በሕግ የያዙት የሁለቱ ምክር ቤቶች ዋና ጸሐፊዎች ናቸው። በላያቸው ከሁለቱ ኮሚሽኖች የተውጣጣ የአሠሪ ቦርድ፣ በመካከል ደግሞ የፕሮግራም ቦርድ አለ። የማስፈጸሚያ ድርጅቱ እንዳለ ቀጥሏል። በአጭሩ፣ ከቤቱ መውጣት የማይፈልገው ነዋሪ ራሱ አሠሪ ሆኗል። በመጋቢት 2024 የአሠሪ ቦርዱ ሦስት አማራጮች በዝርዝር እንዲጠኑ አቀረበ፤ ሁሉም ይውጣ፣ ሎርዶቹ ወጥተው የታችኛው ምክር ቤት ይቆይ፣ ወይም ጥገናው በየክፍሉ እየተዘዋወረ ይቀጥል።

የሌሎቹ ልምድ ይህን ያህል አልተወሳሰበም። ኦስትሪያ በ2017 ፓርላማዋን ወደ ሆፍቡርግ ቤተ መንግሥት አዛውራ በ2023 መለሰችው። ካናዳም የኦታዋውን ዋና ሕንፃ ዘግታ እንደራሴዎቿን ወደ ጎረቤት ሕንፃ፣ ሴናተሮቿን ወደ አሮጌ ባቡር ጣቢያ አስገባች፤ እዚያ አሠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

የዌስትሚንስተርን ግምቶች ለማመን የሚቸገር ሰው ቢግ ቤን የሚባለው ደወል የተሰቀለበትን የኤልዛቤት ግንብ ማየት ይበቃዋል። እድሳቱ በ29 ሚሊዮን ፓውንድ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ በ2017 ግምቱ 61 ሚሊዮን ደረሰ፣ በ2020 ደግሞ ወደ 80 ሚሊዮን ተጠጋ። የብረት መወጣጫ ቆሞ ድንጋዩ በቅርብ ሲታይ ከርቀት ያልታየው ሁሉ ወጣ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ያደረሰው ጉዳት፣ አስቤስቶስና የእርሳስ ቀለም ተገኘ። ያ አንድ ግንብ ነው። ለዚህም ነው የማስፈጸሚያ ድርጅቱ ባለሙያዎች ፓርላማው ለዕረፍት በተዘጋ ቁጥር ወለል እያነሱ፣ ግድግዳ እየበሱ፣ መሬቱን እየቆፈሩ የሚመረምሩት። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ የእሳት ጠባቂ ጓዶች በፈረቃ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በመተላለፊያዎቹ ይዞራሉ።