ስለ ምሕረትና ይቅርታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለታመመ «ይማርህ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር» እንላለን፤ የተቀያየሙ ሙስሊም ወዳጆች «አውፍ በለኝ» ይባባላሉ። በሕግ ግን ምሕረትና ይቅርታ ሰጪያቸውም ወሰናቸውም የታወቀ በመሆኑ፣ ይህን ሳይረዱ ከጅማ ፍርድ ቤቶች ደጅ የሚመላለሱ ቤተሰቦች በማይጨበጥ ተስፋ ይንገላታሉ።

«የሟች ቤተሰብ ይቅር ካለ ክሱ ይቀራል።»
ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። በጅማና በአካባቢዋ ሽማግሌዎች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ጉማ (የደም ካሳ) አስከፍለው ማስታረቃቸው በቀልን የሚያስቀር፣ እጅግ የከበረ ሥራ ነው። ሆኖም ዐቃቤ ሕግ የግድያን ክስ የሚያቀርበው በመንግሥት ስም ስለሆነ፣ ቤተሰብ በመታረቁ ብቻ ክሱ አይቆምም። ተበዳዩ አቤቱታውን ሲተው ጉዳዩ የሚያበቃው እንደ ስድብ ባሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ወንጀሎች ነው። ይህ ማለት ግን ዕርቁ በችሎት ፊት ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው ከልቡ መጸጸቱን፣ ጥፋቱን ማመኑንና የተቻለውን ያህል መካሱን በቅጣት ማቅለያነት ይቀበላል። ስለዚህ የዕርቁን ሰነድ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ለችሎቱ ማቅረብ ይገባል።

«ይቅርታና ምሕረት በሕግ አንድ ናቸው።»
አይደሉም። ይቅርታ ቅጣትን በሙሉ ወይም በከፊል ያስቀራል እንጂ የጥፋተኝነት መዝገቡን አይፍቅም። ምሕረት ግን በዐዋጅ የሚሰጥ ሲሆን ክስን ያስቀራል፣ የተሰጠ ፍርድንም እንዳልነበረ ያስቆጥራል፤ በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲህ ያለ ዐዋጅ አጽድቋል። አመክሮ ከሁለቱም ይለያል፤ በመርሕ ደረጃ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለፈጸመ ታራሚ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ነው።

«የማይማር ወንጀል የለም።»
የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብዓዊ ድብደባን በምሕረትም በይቅርታም እንዳይታለፉ ከልክሏል። ርዕሰ ብሔሩ የሚችሉት በእነዚህ ወንጀሎች የተወሰነን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥ ብቻ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ለደርግ ባለሥልጣናት የተደረገውም ይኸው ነው።

«ይቅርታ አንዴ ከተሰጠ አይሻርም።»
ሊሻር ይችላል። የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸው የተቃዋሚ ፖለቲከኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ከተፈቱ በኋላ፣ ይቅርታው በ2001 ዓ.ም. ተሽሮ የዕድሜ ልክ እስራቱ ተመልሶባቸዋል፤ ዳግም የተፈቱት በ2003 ዓ.ም. ነው። ይቅርታ ጠያቂ ከመፈረሙ በፊት የይቅርታውን ቅድመ ሁኔታዎች ራሱ ማንበብ ወይም በሕግ ዐዋቂ ማስነበብ አለበት።