ስቫልባርድ፦ «ያለ ቪዛ የሚኖርበት ደሴት» የሚባለውና እውነታው

ቲክቶክ ላይ በየጊዜው ብቅ የሚል ወሬ አለ። ከኖርዌይ በስተሰሜን ቪዛ የማይጠየቅበት ቦታ አለ፣ ሄዶ መሥራት ነው ይባላል። ቦታው በእርግጥ አለ። ስቫልባርድ የሚባል የደሴቶች ስብስብ ነው። ዋናዋ ከተማ ሎንግየርቢየን ወደ 2,500 የሚሆን ሰው ይኖርባታል፤ ከሰሜን ዋልታ የቀራት 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሬው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ተረት ነው።

«ቪዛ ከሌለ ትኬት ቆርጦ መሄድ ነው»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተፈረመው ስምምነት ደሴቶቹን ለኖርዌይ ሲሰጥ፣ የፈራሚ አገሮች ዜጎች እዚያ እኩል እንዲሠሩ ፈቀደ። ኖርዌይ ደግሞ ይህን ለሁሉም አገር ሰው ክፍት አድርጋዋለች። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። እስከዚህ ድረስ ወሬው ልክ ነው።

ጣጣው መንገዱ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ስለሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ (ኖርዌይን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልገዋል። ስቫልባርድ ራሱ ግን ከሸንገን ውጭ ነው። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ሰውየው ወደ ደሴቱ ሲሻገር ቪዛውን ተጠቀመበት ማለት ነው። መመለሻው ደግሞ በዚያው በኖርዌይ በኩል ነው። ይህን ቪዲዮ ሠሪዎቹ አይናገሩም።

ሌላም አለ። ራሱን ማስተዳደር ያልቻለን ሰው የደሴቶቹ አስተዳዳሪ ሊያስወጣው ይችላል። «ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው እስኪሳካለት የሚደጉመው የለም።

«ሥራ ከተገኘ ቤት አይጠፋም»

ይጠፋል። አብዛኛው ቤት የመንግሥት ወይም የአሠሪዎች ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ብዙ ጊዜ ቤቱንም ይለቃል። ውጭ ደግሞ በዲሴምበር ምን እንደሚመስል መገመት ነው። በእኔ አስተያየት ከደመወዙ በፊት መጠየቅ ያለበት ቤቱ ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

ሥራው ራሱ ሆቴል፣ ጽዳት፣ ወጥ ቤት፣ ሱቅ፣ አስጎብኚነት ነው። ከውጭ ከመጡት መካከል ታይላንዶችና ፊሊፒኖች በርከት ይላሉ። የድንጋይ ከሰል ዘመን አልፏል፤ የመጨረሻው የኖርዌይ ማዕድን በ2025 ተዘግቷል። ከማዕድን ቆፋሪዎቹ የቀረ ልማድ ግን አለ። ሆቴል ወይም ሙዚየም ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ድሮ የከሰሉ አቧራ ወለሉን እንዳያጠቁር ነበር፣ ዛሬ ለበረዶውም ይጠቅማል። ካልሲው የተቀደደ ሰው ይሰቀቃል።

«ብርዱ ሰው አያስኖርም»

በ1986 ከዜሮ በታች 46 ዲግሪ ተመዝግቧል። ያ ግን የየዕለቱ ነገር አይደለም። ከደቡብ የሚመጣ ሞቃት የባሕር ሞገድ ስላለ ብርዱ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ነው። የሩሲያዋ ያኩትስክ ትብሳለች። አዲስ ሰው የሚቸገረው በነፋሱ ነው። በጥር መሃል ዝናብ ይጥልና መንገዱ ሁሉ መስተዋት ይሆናል፤ ሰው ጫማው ላይ ሹል ብረት ያስራል። ተራራው ላይ የተከመረው በረዶም ቀልድ አያውቅም። በዲሴምበር 2015 ተንዶ 11 ቤቶችን ጠራርጎ ሁለት ሰዎች ሞተዋል።

«ስድስት ወር ሌሊት ነው»

አይደለም። ፀሐይ ኦክቶበር 26 አካባቢ ትሰናበታለች። እኩለ ቀንም ጨለማ የሚሆነው ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ለምንቆጥር ለእኛ ግራ ያጋባል፤ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ቢባል መስኮቱ አይመሰክርም። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና አንጸባራቂ ሰደርያ የዘወትር ልብስ ናቸው። በፌብሩዋሪ ሰማያዊ ብርሃን ይመጣል። ከተማዋን ተራራ ስለሚጋርዳት ፀሐይዋ ራሷ የምትታየው ማርች 8 አካባቢ ነው። ያን ቀን ሕዝቡ የድሮው ሆስፒታል ደረጃ ጋ ተሰብስቦ ይጠብቃታል፤ ልጆቹ ጮኸው ይጠሯታል።

ጨለማውን የፈራ ሰው ብርሃኑንም ያስብበት። ከኤፕሪል 20 እስከ ኦገስት 22 ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። ያለ ወፍራም መጋረጃ መተኛት ዘበት ነው።

«ድብ በየመንገዱ ይዞራል»

ከተማ ውስጥ እምብዛም ነው። ከከተማ የሚወጣ ሰው ግን ድብ ማባረሪያ መያዝ በሕግ ግዴታው ነው፤ ጠመንጃም ይመከራል።

«መሞት በሕግ ክልክል ነው»

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ከሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ስለሚቆይ ሬሳ በሣጥን መቅበር ቀርቷል እንጂ። ለነፍሰ ጡር ግን ነገሩ የምር ነው፤ ሆስፒታሉ ትንሽ ስለሆነ ለመውለድ ወደ ዋናው የኖርዌይ ምድር ትሄዳለች።

«እዚያ ኖሬ የኖርዌይ ፓስፖርት አገኛለሁ»

ስቫልባርድ ላይ የተኖረ ዓመት ለኖርዌይ መኖሪያ ፈቃድ አይቆጠርም። ግብሩ ከዋናው ምድር በጣም ያነሰ ነው፣ እውነት ነው። አሥር ዓመት ግብር የከፈለ ሰው ግን ኦስሎ ሲያርፍ የሚጠየቀው እንደማንኛውም እንግዳ ቪዛውን ነው።