ጥምር የጎርፍ ስጋት ምንድን ነው?

ጎርፍ የሚያመጡ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ የሞላ ሐይቅና ዝናብ፣ ሲደራረቡ የሚመጣው ስጋት ነው። ሰሞኑን አንዱ ስለ ሀዋሳ «ሐይቁ በጣም የሚሞላው በ10 ዓመት አንዴ ነው፤ ከባድ ዝናብም በ10 ዓመት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ የሚገጥሙት በ100 ዓመት አንዴ ነው፣ አትጨነቁ» ብሎ ጻፈ። ይቺን ስሌት ለስንተኛ ጊዜ እንዳየኋት እንጃ። ወንድሜ፣ ማባዛቱን አልሳትክም። የሳትከው ዝናቡና ሐይቁ አይተዋወቁም ማለትህ ላይ ነው።

መብራት ከ10 ቀን አንዱን ይጠፋል እንበል። ውሃም እንደዚያው። አብረው የሚጠፉት በ100 ቀን አንዴ ነው? እስቲ ሙት በል! ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ በመብራት ነው የሚሠራው። ጣሪያህ ላይ ሮቶ ካለ ደግሞ ውሃው የሚያልቅብህ መብራቱ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ነገሩ የተያያዘ አይመስልህም። የሀዋሳ ሐይቅም እንዲሁ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ዝናቡን ቀስ እያለ ያመጣለታል፣ እሱ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለፈ በኋላ ነው። የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለው ደግሞ የአምናው ውሃ ገና እዚያው ይቆያል።

ሐይቁ በሞላበት ዓመት ከባድ ዝናብ የመምጣት ዕድሉ 60 በመቶ ቢሆን፣ ያ 1 በመቶ ያልከው 6 በመቶ ይሆናል፤ በ17 ዓመት አንዴ ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ እንዳትይዘኝ። ደግሞ በአንድ ዓመት መምጣትና በአንድ ሳምንት መግጠም ይለያያል፤ የሚያሰጥመን ሁለተኛው ነው። የ30 ዓመት መዝገብ ይዞ ስለ 100 ዓመት ማውራትም ያስፈራል፤ ሐይቁ ውስጥ ደለል እየገባ የድሮው ልክ ከዛሬው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ ጥምር ሲባል ሁለት ጉድ አንድ ላይ መምጣት አለበት የሚሉት ነገር ነው። የወትሮ ዝናብ ይበቃል። ሐይቁ የከተማውን የዝናብ ውሃ የሚያፈስበትን ቱቦ አፍ ከሸፈነ የከተማው ውሃ መሄጃ የለውም። ሐይቁን ለመመለስ የተሠራው የአፈር ግድብም ከታቦር ተራራ በኩል የወረደውን ጎርፍ እዚሁ ያስቀርልናል። አንድ መስከረም ላይ ሐይቁ ዳር ቆሜ አንዲት ባዶ ሃይላንድ በቦዩ ውስጥ ሽቅብ፣ ወደ ከተማው ስትሄድ አየሁ። ዝናቡ ካባራ ግማሽ ሰዓት አልፎታል።

እና አሁን አንድ ሰፈር ይሰጥም እንደሆነ ስጠየቅ፣ የዝናቡን ሚሊ ሜትር ከመጠየቄ በፊት ወርጄ የቱቦውን አፍ አያለሁ፤ ከውሃው በላይ ነው ወይስ ጠልቋል?