ስለ 1938 በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ሲወራ ሁሉም ከ1939 ነው የሚጀምረው፣ ሂትለር ፖላንድ ገባ ከዛ ሁሉ ነገር ተቃጠለ። ከሱ በፊት ያለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1938 (በኛ 1930ን ይዞ 1931 ውስጥ የሚገባው) ግን እንደ ሰላም ጊዜ ሲቆጠር ስሰማ በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም በዛ ዓመት ከተሸጡት ውስጥ እኛም አለንበት።

«1938 እኮ ሰላም ነበር»

ለማን? ቻይና ከጁላይ 1937 ጀምሮ ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ ነች፣ በጁን 1938 ደሞ የቻይና መንግሥት የጃፓንን ጦር ላስቁም ብሎ የቢጫ ወንዝን ግድብ አፈረሰና ጎርፉ የገዛ ገበሬዎቹን በላ፣ የሞተው ሰው በመቶ ሺዎች ነው የሚገመተው። ስፔን እርስ በርስ እየተላለቀች ነው። እኛ ጋ ጎጃም እነ በላይ ዘለቀ፣ ሸዋ እነ አበበ አረጋይ ዱር ናቸው። ሰላም የነበረው ለንደንና ፓሪስ ነው በቃ።

«ቼምበርሌን የሙኒክን ስምምነት እያውለበለበ ‹ሰላም ለዘመናችን› አለ»

ቼምበርሌን ያኔ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፣ የሙኒክ ስምምነት ደሞ የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ቆርሶ ለጀርመን የሰጠው ውል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ሴፕቴምበር 30 ኤርፖርት ላይ ያውለበለባት ወረቀት ሌላ ናት፣ እሱና ሂትለር በዛው ቀን ጠዋት ለብቻቸው የፈረሟት፣ ሁለቱ ሕዝቦች ዳግም አይዋጉም የምትል አጭር ወረቀት። ዝነኛዋን ቃል የተናገረው ደሞ በኋላ ዳውኒንግ ስትሪት ቤቱ መስኮት ላይ ሆኖ ነው። ዋናውን ስምምነት የፈረሙት ሂትለር፣ ሙሶሊኒ፣ ቼምበርሌንና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዳላዲዬ ሲሆኑ መሬቷ የሚቆረሰው ቼኮዝሎቫኪያ ስብሰባው ውስጥ አልነበረችም፣ መልእክተኞቿ ሆቴል ተቀምጠው ነው ውሳኔው የተነገራቸው። የወሰደውም ጀርመን ብቻ አይደለም፣ ፖላንድ ቴሽን የሚባለውን አካባቢ፣ ሃንጋሪ ደቡብ ስሎቫኪያን ወስደዋል፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

«ኤደን ከእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የለቀቀው ሙኒክን ተቃውሞ ነው»

አይደለም፣ የለቀቀው ፌብሩዋሪ 20 ነው፣ ከሙኒክ ሰባት ወር በፊት፣ ጉዳዩም ቼምበርሌን ከሙሶሊኒ ጋር ሊጀምር የቸኮለው ድርድር ነበር። ያ ድርድር ደሞ እኛን ይነካል። ኤፕሪል 16 ሮም ላይ ተፈራረሙ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጉዳይ መልክ ሲይዝ እንግሊዝ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ግዛት ልታውቅላት። ጃንሆይ ጄኔቭ የሄዱት በ1936 ብቻ ይመስለናል እንጂ በሜይ 1938ም የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ፊት ቀርበው ይሄ እንዳይሆን ተማጽነዋል። አልተሰሙም። ኖቬምበር 9 ለ10 ሌሊት ጀርመን ውስጥ ምኩራቦች ሲቃጠሉ አደሩ፣ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ አይሁዶች ታሰሩ፣ ከዛ ሳምንት ሳይሞላ ኖቬምበር 16 ላይ እንግሊዝ የጣሊያንን ወረራ በይፋ አጸደቀች። ቀኖቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው እስካሁን ይከብደኛል።

«አይሁዶቹ ቀደም ብለው ለምን አልወጡም?»

ወዴት? ጁላይ ላይ ፈረንሳይ ኤቪያን ውስጥ 32 አገሮች ስለነሱ ተሰብስበው ነበር፣ ብዙ ሰው እቀበላለሁ ያለችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ናት።

«ዓለም በሙሉ ካደን»

ይሄን እኔም ለረጅም ጊዜ አምን ነበር። ግን አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ወረራውን አላጸደቁም፣ ሜክሲኮም አላጸደቀችም። ሜክሲኮማ በማርች 1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል በመንግሥታት ማኅበር በይፋ የተቃወመች ብቸኛ አገር ነች፣ ያውም የውጭ ኩባንያዎችን ነዳጅ ወርሳ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር በተፋጠጠችበት ሳምንት። ቪየና ውስጥ በስሟ አደባባይ አላት፣ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ደሞ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አለ። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» እያለ የሚጠራው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ ወረራውን ባለማጽደቋ ነው።